ከእንስሳት የሚመጡ ጥምር ሕመሞችና የአንድ ቀን የደም ምርመራ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል
ባሕር ዳር

ክረምቱ ወጥቶ በጣና ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ትኩሳት በሚበዛበት ሰሞን ጋዜጣችሁ የወባንና የታይፎይድን ጉዳይ ማንሳቱ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን በእነዚህ ጽሑፎችም ሆነ በጤና ተቋማት የዕለት ሥራ ውስጥ አንድ ጥያቄ ሲነሳ አላይም፤ ይኸውም ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፉ ሁለት ሕመሞች በአንድ ሰው ላይ በአንድ ጊዜ ሲገኙ እንዴት ተለይተው ይታወቃሉ የሚለው ነው። እኔ የሰው ሐኪም አይደለሁም፤ በሐይቁ ምሥራቃዊና ደቡባዊ ዳርቻ ከብት፣ በግና ፍየል ሳክም የኖርሁ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ይሁንና በረት ውስጥ ያየሁት ነገር ከሳምንታት በኋላ በባለቤቱ የምርመራ ወረቀት ላይ በሌላ ስም ተጽፎ ስለሚገጥመኝ፣ ከሙያዬ ድንበር ብዙ ሳልርቅ የምለው አለኝ።

በባሕር ዳርም ሆነ በሐሙሲት፣ በወረታና በአዲስ ዘመን፣ ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ ደርሶ የተመለሰ ሰው «ምን አሉህ?» ሲባል መልሱ ብዙውን ጊዜ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ አሉኝ» የሚል ነው። ሁለቱ ስሞች ተነጣጥለው የሚነገሩበት ጊዜ ጥቂት ነው። አንዱ በተበከለ ምግብና ውኃ፣ ሌላው በቅማል ወይም በአይጥ ቁንጫ የሚመጣ ሆኖ ሳለ፣ ሁለቱ እንዲህ በየጊዜው ተቀጣጥረው አንድ ሰው ላይ መገናኘታቸው ራሱ ሊያጠራጥረን ይገባ ነበር። ምክንያቱ ያለው ከበሽታዎቹ ይልቅ በምርመራዎቹ ላይ ነው። ለታይፎይድ የሚሠራው የዊዳል ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1896፣ ለታይፈስ የሚሠራው የዌይል ፌሊክስ ምርመራ ደግሞ በ1916 የተጀመሩ ናቸው፤ ርካሽና ፈጣን በመሆናቸውም በአንድ ማዘዣ አብረው ይታዘዛሉ። የዌይል ፌሊክስ ምርመራ የታይፈስን ተሕዋስ ጨርሶ አይጠቀምም። የሚጠቀመው ፕሮቲየስ የተባለ ሌላ ባክቴሪያ ሲሆን፣ የታይፈስ ሕመምተኛ የሚያመነጨው አንቲቦዲ (ሰውነት ተሕዋስን ለመከላከል የሚሠራው ንጥረ ነገር) በአጋጣሚ ከዚያ ባክቴሪያ ጋር ስለሚገጥም ብቻ ነው ለምርመራ የዋለው። ስለዚህ ራሱ ፕሮቲየስ የሽንት ቧንቧውን ያመመው ሰው «ታይፈስ አለብህ» ሊባል ይችላል፤ ትክክለኛው የታይፈስ ሕመምተኛ ደግሞ «ነጻ ነህ» ተብሎ ሊመለስ ይችላል። ዊዳልም ቢሆን ቀደም ብሎ ታይፎይድን በሚያመጣው በሳልሞኔላ ባክቴሪያ ሌላ ዝርያ የተያዘውን፣ የተከተበውን፣ አልፎ አልፎም የወባ ሕመምተኛውን ጭምር ታይፎይድ ያለበት አስመስሎ ያሳያል።

እንግዲህ ጥምር ሕመም የሚባለውን ነገር ጤና ተቋሞቻችን አያውቁትም ለማለት አይቻልም፤ በየቀኑ ይጽፉታል። የሚያሳዝነው ግን የሚጻፈው ጥንድ ብዙ ጊዜ በሌለበት የሚጻፍ መሆኑና በእውነት ያለው ጥንድ ከበስተኋላው ሳይታይ መቅረቱ ነው።

በእውነት ያለው ጥንድ ከየት እንደሚመጣ ለማስረዳት ከአንድ ምጥ በላይ ማስረጃ አያስፈልገኝም። አንዲት ፍየል ምጧ ሲጠናባት ወይም ሳትደርስ ስትጨነግፍ፣ የቤቱ ሰው እጁን አስገብቶ ግልገሉን ይስባል፤ የእንግዴ ልጁን በባዶ እጅ አንስቶ ለውሻ ይጥላል፤ እርጥቡን ገለባ የቤቱ ሴቶች ወይም ልጆች ይጠርጋሉ። ብሩሴሎሲስ የተባለውን ሕመም የሚያመጣው ብሩሴላም ሆነ ኪው ፊቨር የተባለው የትኩሳት ሕመም ተሕዋስ የሆነው ኮክሲየላ በእንግዴ ልጁና በሽርት ውኃው ውስጥ እጅግ በብዛት የሚገኙ ናቸው፤ ሁለቱም መንጋን ያስጨነግፋሉ፤ ሁለቱም በአንድ መንጋ ውስጥ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። ብሩሴላ በተሰነጠቀ ቆዳና ባልፈላ ወተት ሲገባ፣ ኮክሲየላ ደግሞ ደርቆ ከአቧራ ጋር በነፋስ እየተነሳ በትንፋሽ ይገባል፤ በረቱን ያልረገጠ ጎረቤት እንኳ ሊታመምበት ይችላል። በአንድ ሌሊት፣ በአንድ በረት፣ አንድ ሰው ሁለቱንም ሊቀበል ይችላል ማለት ነው። ሕመሙ የሚጀምረው ግን ያን ዕለት አይደለም። ኪው ፊቨር በሁለት በሦስት ሳምንት፣ ብሩሴላ ባብዛኛው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ስለሚጀምር፣ ሰውየው ጤና ጣቢያ ሲደርስ ፍየሏን ረስቷታል፤ የሚጠይቀውም የለም።

ሁለተኛው መንገድ ውኃው ነው። በፎገራ ሜዳ የሩዝ ማሳ ውስጥ፣ በባሕር ሸሽ መሬት ላይ፣ በርብና በጉማራ ወንዞች መጨረሻ ከብትና ሰው በአንድ ጭቃ ይውላሉ፤ አይጥ ደግሞ ከሩዙ አይጠፋም። ሌፕቶስፓይሮሲስ የተባለውን የትኩሳት ሕመም የሚያመጣው የሌፕቶስፓይራ ተሕዋስ ከአይጥና ከከብት ሽንት ወደዚህ ውኃ ይገባና በቆሰለ እግር በኩል ሰውን ይይዛል። እምቦጭን በእጅ ለመንቀል እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ገብተው የዋሉት አርሶ አደሮችና ተማሪዎች ሁሉ ለዚህም፣ በሐይቁ ዳርቻ በቀንድ አውጣ አማካይነት ለሚመጣው ብልሃርዝያም ተጋልጠው ነበር። ብልሃርዝያ ራሱን የቻለ ጉዳይ ቢሆንም እዚህ የማነሳው በምክንያት ነው። የሳልሞኔላ ባክቴሪያ በብልሃርዝያ ትሉ አካል ላይ ተጣብቆ ከመድኃኒት ሊሸሸግ እንደሚችል የታወቀ ነው፤ በዚህ ምክንያት የሳልሞኔላ መድኃኒት በተደጋጋሚ ተሰጥቶት ትኩሳቱ እየተመለሰ የሚያስቸግረው ሰው ትሉን የሚገድለው ፕራዚኳንቴል እስኪሰጠው ድረስ ላይድን ይችላል። «መድኃኒቱን ተላመደ» የሚባለው ሁሉ መላመድ አይደለም።

ሦስተኛው መዥገር ነው፤ እሱን ባጭሩ ላልፈው እችላለሁ። በአገራችን ከብት ላይ በብዛት የሚታየው ባለ ቀለሙ ትልቅ መዥገር ሪኬትሲያ የተባለ የትኩሳት ተሕዋስ ይሸከማል፤ ይህ ተሕዋስ የያዘው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በተነከሰበት ቦታ ጥቁር ቅርፊት ያለው ትንሽ ቁስል ይወጣበታል። ቁስሉ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ብሽሽት፣ ቁርጭምጭሚት ወይም ከጉልበት በስተኋላ ስለሆነ ሕመምተኛው ልብሱን ገለጥ ካላደረገ አይታይም። ምንም የላቦራቶሪ ኬሚካል የማይፈልግ፣ ምንም ገንዘብ የማያስወጣ ምርመራ ቢኖር ይህ ነው።

አንድ ወዳጄ የሆነ የጤና ባለሙያ ይህን ሁሉ ሲሰማ ያቀረበልኝ መከራከሪያ ክብደት ያለው ስለሆነ ሳልመልስለት አላልፍም። «ሪኬትሲያም፣ ኪው ፊቨርም፣ ሌፕቶስፓይሮሲስም፣ ብሩሴላም ለዶክሲሳይክሊን ምላሽ ይሰጣሉ፤ እንግዲህ ዶክሲሳይክሊን ሰጥቼ ከላክሁት ስማቸውን መለየት ምን ይጠቅማል?» አለኝ። ጥያቄው ላቦራቶሪ በሌለበት ጤና ጣቢያ ለሚሠራ ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ሕመምተኛው ከተዳከመም ውጤት ሳይጠበቅ መድኃኒት መጀመሩ ተገቢ ነው። ችግሩ ያለው በቀኑ ብዛት ላይ ነው። ለሪኬትሲያና ለሌፕቶስፓይሮሲስ ሰባት ቀን ያህል ሊበቃ ይችላል፤ ለኪው ፊቨር አሥራ አራት ቀን ያስፈልጋል፤ ለብሩሴላ ግን ስድስት ሳምንት፣ ያውም ከሪፋምፒሲን ወይም ከስትሬፕቶማይሲን ጋር ተጣምሮ ነው። ብሩሴላና ሪኬትሲያ አብረው የያዙት ሰው በሰባት ቀን መድኃኒት ትኩሳቱ ይበርድለታል፤ ሐኪሙም ሕመምተኛውም ደስ ይላቸዋል፤ ብሩሴላው ግን በአጥንትና በመገጣጠሚያ ውስጥ ተቀምጦ ከወር ከሁለት ወር በኋላ ያገረሽበታል። የኪው ፊቨሩም ጉዳይ ከዚህ አይሻልም። በልጅነቱ በቶንሲል ሰበብ የልብ በሮቹ የተጎዱበት ሰው በአገራችን ብዙ ነው፤ ኮክሲየላ በእንዲህ ያለው ልብ ላይ ሲቀመጥ በተለመደው የደም ካልቸር (ተሕዋሱን ከደም አብቅሎ በሚያሳየው ምርመራ) የማይያዝ የልብ ሕመም ያመጣል፤ ሕክምናውም ቢያንስ አንድ ዓመት ተኩል የሚወስድ ነው። ለነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ዶክሲሳይክሊን በአብዛኛው የሚመረጥ መድኃኒት ስላልሆነ፣ «አንዱ ለሁሉ ይበቃል» የሚለው መንገድ ከመነሻው ይዘጋል፤ የጨነገፈች ፍየል እንግዴ ልጅ ያነሳችው እርሷ ልትሆን እንደምትችልም አይዘነጋም።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ግን የብሩሴላና የቲቢ መገናኘት ነው። ለብሩሴላ የሚታዘዙት ሪፋምፒሲንና ስትሬፕቶማይሲን ሁለቱም ቲቢን የሚመቱ መድኃኒቶች ናቸው። ጀርባውን የሚያመው፣ ሌሊት የሚያልበው፣ የሚከሳ ሰው «ብሩሴላ አለብህ» ተብሎ ከእነዚህ አንዱ ከዶክሲሳይክሊን ጋር ሲሰጠው፣ ከብሩሴላው ጎን የአከርካሪ ቲቢም ካለበት ለጊዜው ይሻለዋል። የተሻለውም ምርመራው ልክ ስለነበር ይመስላል። በእውነቱ ግን ቲቢው በአንድ የቲቢ መድኃኒት ብቻ ለሳምንታት ተመትቶ ሳይሞት ቀርቷል፤ ይህም መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የሚፈጠርበት አንዱ በር ነው። ሁለቱም የአከርካሪ አጥንትን ስለሚጎዱ በራጅ ፎቶ ብቻ መለየቱ ለባለሙያም ያስቸግራል። ያልፈላ ወተት የሚጠጣ ሰው ከሆነ ቲቢው ራሱ ከላም የመጣው ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ይህ ዓይነቱ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ከሚሰጡት የቲቢ መድኃኒቶች አንዱን፣ ፒራዚናማይድን፣ በተፈጥሮው የሚቋቋም ሲሆን፣ በየሆስፒታሉ ያለው ጂን ኤክስፐርት የተባለ የቲቢ መመርመሪያ መሣሪያ ከሰው ቲቢ ለይቶ አያሳየውም። ከላም የሚመጣው ቲቢ በሰው ላይ የሚታየው ጥቂት ጊዜ ቢሆንም፣ ለብሩሴላ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ቲቢን መፈተሽ እንደ ግዴታ እንዲያዝ ለማሳሰብ ይህ ሁሉ የሚበቃ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ ተቃራኒውንም ስሕተት መናገር አለብኝ፤ ያለዚያ ነገሬ «ሁሉን ነገር ጠርጥሩ» ወደሚል ማስፈራሪያ ይወርዳል። በደጋና በወይና ደጋ አርሶ አደሮች ከብት ላይ ብሩሴላ በአርብቶ አደር አካባቢዎች ከሚታየው በጥቅሉ ያነሰ ነው። በሽታው ጥቂት በሆነበት አካባቢ ደግሞ አንድ ፈጣን ምርመራ «አለበት» ሲል የመሳሳት ዕድሉ ከፍ ይላል። እኛም ለከብት፣ የሰው ላቦራቶሪዎችም ለሰው የምንጠቀምበት ሮዝ ቤንጋል የተባለው ሐምራዊ ፈሳሽ ለመጀመሪያ ማጣሪያ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የርሲኒያ የተባለ የአንጀት ባክቴሪያ የያዘውንም ብሩሴላ ብሎ ይመሰክርበታል። ከዚህም ሌላ፣ ዕድሜውን ሙሉ ከከብት ጋር የኖረ ሰው ደም ውስጥ የድሮ ሕመም አንቲቦዲ መገኘቱ ዛሬ ላመመው ነገር ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት «ፖዘቲቭ» ሲታይ አራት ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሁለቱም ሕመሞች በእርግጥ ይኖራሉ፤ ወይም አንዱ የዛሬ ሌላው የዱሮ ነው፤ ወይም አንዱ ሕመም የሌላውን ምርመራ አሳስቶታል፤ ወይም ጨርሶ ሦስተኛ ነገር ኖሮ ሁለቱንም ምርመራዎች ያደናግራል። ወባና በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛር ሰውነት የተለያዩ አንቲቦዲዎችን ያለ ልክ እንዲያመርት ስለሚያደርጉ ይህ አራተኛው በእኛ አካባቢ የሩቅ ግምት አይደለም።

እነዚህን አራት ነገሮች መለየት የሚቻለው በአብዛኛው በሁለተኛ ደም ነው። ሕመምተኛው በመጣበት ዕለት ደም ተወስዶ ሴረሙ (ከደሙ ተለይቶ የሚቀረው ጥርት ያለ ፈሳሽ) ይቀመጣል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ደም ይወሰዳል፤ ሁለቱ በአንድ ላቦራቶሪ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ እጅ ጎን ለጎን ይሠራሉ። የአንቲቦዲው መጠን በአራት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ ሕመሙ የአሁን ነው፤ ባለበት ከቆመ የዱሮ የመሆን ዕድሉ ያመዝናል፤ የሁለት ሕመሞች አንቲቦዲ ሁለቱም ሲጨምሩ ደግሞ ጥምር ሕመም መኖሩን ለመጠርጠር በቂ ምክንያት ይኖራል። ከዚያ ወዲያ ተሕዋሱን ራሱን መፈለግ ይመጣል፤ ከመድኃኒት በፊት የተወሰደ የደም ካልቸር፣ ለሌፕቶስፓይራ በመጀመሪያው ሳምንት ከደም ቆየት ሲል ከሽንት የሚሠራ ፒሲአር (የተሕዋሱን ዘረመል የሚፈልግ ምርመራ)፣ ለቲቢ ከቁስሉ የሚወሰድ ናሙና። ሁሉም በየጤና ጣቢያው ይገኛል ማለቴ አይደለም። ደም ወስዶ ሴረሙን በቀዝቃዛ ማስቀመጥና ከሁለት ሳምንት በኋላ «ተመለስ» ማለት ግን በየትኛውም ላቦራቶሪ ይቻላል፤ ዛሬ የሚሠራበት ቦታ ብዙ አላየሁም።

ስለ ላቦራቶሪ ባለሙያዎች አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ቀድሞ ለትኩሳት ሁሉ የደም ስላይድ በማይክሮስኮፕ ይታይ ስለነበር፣ ወባን የሚፈልግ ዓይን የሚያገረሽ ትኩሳትን ጠምዛዛ ተሕዋስም እግረ መንገዱን ያገኝ ነበር፤ አንዳንዴም ሁለቱን በአንድ ስላይድ ላይ። የሚያገረሽ ትኩሳት ከሰው ቅማል እንጂ ከከብት የሚመጣ ባይሆንም ትምህርቱ ያው ነው። ፈጣኑ የወባ ምርመራ ብዙ ሕይወት አትርፏል፤ የሚመልሰው ግን የተጠየቀውን ብቻ ነው። ወባ በበዛበት አካባቢ ደግሞ ሰው ሳይታመም ተሕዋሱን በደሙ ይዞ ሊዞር ስለሚችል፣ «ወባ ፖዘቲቭ» መባሉ ትኩሳቱ ከወባ ብቻ መሆኑን አያረጋግጥም።

ይህ የቃል ክርክር ብቻ አለመሆኑን የሊቦ ከምከም ሰዎች ያውቁታል። ከጣና በስተምሥራቅ ባለው በዚያ ወረዳ ትኩሳቱ አልበርድ ያላቸው፣ ጣፊያቸው ያበጠ፣ የሚከሱ ሰዎች ሲበዙ በመጀመሪያ የተገመተው መድኃኒት የተላመደ ወባ ነበር፤ ካላዛር መሆኑ የተረጋገጠው በ1997 ዓ.ም. ሲሆን እስከዚያ ድረስ ብዙ ሰው አልቋል። በካላዛር ስርጭት ውስጥ የእንስሳት ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ገና የሚጠና ጉዳይ ነው፤ እኔ የማነሳው ግን አንድ የታወቀ መልስ በእጅ ስለነበረ ሌላው ፍለጋ እንዴት እንደዘገየ ነው።

ከዚህ ተነስቼ የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የማይፈልግ ነው። የትኩሳት ሕመምተኛ ካርድ ላይ ጥቂት ጥያቄዎች ይታተሙ፦ በቅርብ ወራት በቤትህ የጨነገፈ ወይም የሞተ እንስሳ አለ ወይ፣ ያዋለድኸው አለ ወይ፣ ወተት ሳታፈላ ትጠጣለህ ወይ፣ ሩዝ ማሳ ወይም ሐይቅ ውስጥ በባዶ እግርህ ትውላለህ ወይ፣ መዥገር ነክሶህ ነበር ወይ። «ሥራህ ምንድን ነው?» የሚለው የተለመደ ጥያቄ አይበቃም፤ በባሕር ዳር ከተማ ውስጥ የሚኖር የመንግሥት ሠራተኛም ከግቢው ሁለት ላም ያልባል፣ ለበዓል የገዛውን በግ ራሱ ያርዳል። ከእነዚህ ላንዱ «አዎ» ያለ ሕመምተኛ የመጀመሪያው መድኃኒት በአራት በአምስት ቀን ካልረዳው፣ የታይፎይድና የታይፈስ መድኃኒት ከመደጋገም ይልቅ ሴረሙ ወደ ከፍተኛ ላቦራቶሪ ይላክ።

የሚላክበት ቦታ ደግሞ ሩቅ አይደለም። የአማራ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም፣ የክልሉ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪም በዚሁ በባሕር ዳር ይገኛሉ። የጨነገፈችው ፍየል ደም በአንዱ፣ የባለቤቷ ደም በሌላው ሲመረመር፣ ሁለቱ ውጤቶች አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚገናኙበት የታወቀ አሠራር ግን እኔ በሥራዬ አልገጠመኝም። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር ደረጃ ቅድሚያ እንዲሰጣቸው ከተመረጡት ከእንስሳት የሚተላለፉ በሽታዎች መካከል ብሩሴሎሲስና ሌፕቶስፓይሮሲስ ከእብድ ውሻ በሽታ፣ ከአባ ሰንጋና ኢኪኖኮኮሲስ ከተባለው ከውሻ ከሚመጣው የትል ሕመም ጋር ነበሩ፤ ስለዚህ ጉዳዩ በወረቀት ደረጃ አዲስ አይደለም። እኔ በበኩሌ የጨነገፈ መንጋ ባየሁ ቁጥር ለባለቤቱ ቀኑንና የተጠረጠረውን ሕመም ጽፌ፣ «ትኩሳት ከያዘህ ይህን ለሐኪሙ አሳይ» ብዬ እሰጣለሁ። ወረቀቱ ከኪስ ወጥቶ እንደሚነበብ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉ ይህን ደብዳቤ ከማተም ባሻገር የክልሉን ጤና ቢሮና የእንስሳት ሀብት ኃላፊዎች ሁለት ነገር ጠይቆ መልሳቸውን እንዲያወጣልን በአክብሮት እለምናለሁ፤ የእንስሳትና የሰው ላቦራቶሪ ውጤቶች በቤተሰብ ደረጃ እንዲገናኙ የተመደበ ባለሙያ አለ ወይ፣ ከሌለስ ከመቼ ጀምሮ ይመደባል፤ እንዲሁም የዊዳልና የዌይል ፌሊክስ ውጤት ብቻውን ለመጨረሻ ውሳኔ እንዳይበቃ ለግልና ለመንግሥት ክሊኒኮች የተጻፈ መመሪያ አለ ወይ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የእንስሳት ሐኪም
ከባሕር ዳር